ጥይት ተወደደ ተብሎ ጠመንጃ አይሰቀልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጥይት መወደድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ዋጋው እንዴት እንደናረ በደንብ ተብራርቷል። መጨረሻው ላይ ግን ሁለት ነገር ተብሏል። አንደኛው፣ ገበያው እስኪረጋጋ ጠመንጃን ሰቅሎ ከመጠበቅ በቀር አማራጭ የለም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የአየር ጠመንጃ የልጆች መጫወቻ ስለሆነ በየትኛውም ግዛት ፈቃድ አይጠየቅበትም የሚለው ነው። የመጀመሪያው ትክክል አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ አንባቢን ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ኢላማ የምንተኩስ ሰዎች ነንና የምናውቀውን በዝርዝር ብንጽፍ ይጠቅማል ብለን ነው ይህን የላክነው። ረዘም ይላል፤ ታገሱን።

በዚህ አገር ጥይት ሲጠፋ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው ተብሎ ሰዉ መደብሩን አራቆተው፤ ትዌንቲ ቱ ሎንግ ራይፍል የምትባለው ትንሿ የልምምድ ጥይት እንኳ ለረጅም ጊዜ ከመደርደሪያ ጠፋች። በ2020 ደግሞ ወረርሽኙ፣ የጎዳናው ተቃውሞና ምርጫው ተደራርበው መጡ። በዚያ ዓመት ብቻ በኤፍቢአይ በኩል ያለፈው የመሣሪያ ገዢዎች ማጣሪያ ወደ 39.7 ሚሊዮን ደረሰ። የጠመንጃና የጥይት አምራቹ ሬሚንግተን ጁላይ ላይ ኪሳራ አውጆ ንብረቱ ተከፋፍሎ ተሸጠ፤ የአርካንሳሱ የጥይት ፋብሪካም ለሌላ ባለቤት ተላለፈ። 20 ሳንቲም ገደማ ትሸጥ የነበረችው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት በ2021 መግቢያ ላይ አንዷ ፍሬ ከ70 ሳንቲም አለፈች። አያቶቻችን የውጅግራ ጥይትን ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። በ2021 የአሜሪካ ገበያም እዚያው ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ጥይት ቶሎ የማይተካበት ምክንያት አለው። አንድ ጥይት አረር፣ ቀለህ፣ ባሩድና ማቀጣጠያ ካፕሱል ያስፈልጋታል። ካፕሱሉን በአሜሪካ የሚያመርቱት በጣት የሚቆጠሩ ኩባንያዎች ናቸው፤ እነርሱም ነገ ለሚበርድ ሩጫ አዲስ የማምረቻ መስመር አይዘረጉም። ቀለህ ለቅሞ ቤቱ መልሶ የሚሞላ ሰውም ካፕሱል ካጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የትዌንቲ ቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። ማቀጣጠያዋ ከቀለሁ ጠርዝ ውስጥ የተደፋ ስለሆነ አንዴ ከተተኮሰች ቤት ውስጥ መልሶ መሙላት የለም።

የአየር ጠመንጃ ከእነዚህ ሁሉ የሚፈልገው አረሩን ብቻ ነው። ወገቧ የቀጠነ፣ ጅራቷ እንደ ቀሚስ የተዘረጋች፣ ፔሌት የምትባል የእርሳስ ፍሬ ናት። 500 ፍሬ የሚይዝ ጥሩ የፔሌት ቆርቆሮ 12 ዶላር ቢሆን አንዷ 2.4 ሳንቲም ትወጣለች። በሳምንት 100 የሚተኩስ ሰው በዓመት 5,200 ይተኩሳል። በ9 ሚሊ ሜትር በ70 ሳንቲም ሲሰላ 3,640 ዶላር፣ በፔሌት 125 ዶላር ነው። ለጠመንጃው 300፣ ለማነጣጠሪያ መነጽሩ 100፣ ለኢላማ ሳጥኑ 40 ዶላር ቢወጣ 650ኛዋ ተኩስ አካባቢ ወጪው ይመለሳል። ነገር ግን ሐቁን እንናገር፤ ደህና በሆነ ጊዜ በ8 ሳንቲም ትዌንቲ ቱ ለሚተኩስ ሰው ያው 440 ዶላር የሚመለሰው ወደ 7,900 ተኩስ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በገንዘብ ብቻ ካሰላችሁት ነገሩ የሚያዋጣው በእጥረት ዘመን ነው። እኛ የአየር ጠመንጃን የምንወደው ከገንዘቡ በላይ በሌላ ምክንያት ነው፤ ወደዚያው እንመጣለን።

መጫወቻ ነው ለሚለው አንድ ቃል ብቻ። ሉዊስና ክላርክ ከ1804 እስከ 1806 ወደ ምዕራብ አሜሪካ ሲዘምቱ ጂራርዶኒ የሚባለውን የኦስትሪያ ሠራዊት የአየር ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ በአንድ ጉርሻ 20 ያህል አረር ይይዝ ነበር። በኦሊምፒክም ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ውድድር ጀምሮ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር አለ። እዚያ ኢላማ ላይ 10 ነጥብ የምታስገኘው ነቁጥ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ የወረቀት መርፌ ጫፍ በሉት።

የማይችለውንም እንወቅ። 8.44 ግሬይን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) የምትመዝን ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር ፔሌት በሰከንድ 800 ጫማ ስትወጣ ጉልበቷ 16 ጁል ያህል ነው። ተራ ትዌንቲ ቱ 138 ጁል አላት። ስለዚህ ቤቴን እጠብቅበታለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ይቅርበት። ርግጫን መቋቋም፣ ከፍንዳታ ድምፅ መላመድ፣ በፍጥነት ደጋግሞ መተኮስም አያስተምርም። ለዚህ በወር አንዴ 50 ጥይት ይዞ ወደ ተኩስ ሜዳ መሄድ ያስፈልጋል። የቀረውን ግን፣ ማለትም አቋቋምን፣ አተነፋፈስን፣ ማነጣጠርንና ቃታ አሳሳብን፣ ቤት ውስጥ በ10 ሜትር መጨረስ ይቻላል። የግማሽ ኢንች ክብ ወረቀት በ10 ሜትር ላይ ስትሰቅሉ 100 ያርድ ላይ ያለ 4 ኢንች ተኩል ኢላማ እንዳያችሁ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ግዢው። ሰው የሚሳሳተው ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር ነው። «1,400 ጫማ በሰከንድ» የሚል በትልቁ ተጽፎ ያያል፤ የበለጠ ፈጣን የበለጠ ጥሩ ይመስለዋል። ያ ቁጥር የሚገኘው እርሳስ ባልሆነች፣ ላባ በምታክል ቀላል ፔሌት ነው። ፔሌት ደግሞ የድምፅን ፍጥነት አልፋ ከ1,100 ጫማ በላይ ስትበር ትናወጣለች፤ የት እንደምታርፍ አታውቁም፤ በዚያ ላይ እንደ ጅራፍ ትጮኻለች፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ጥሩው ከ700 እስከ 900 ነው። ደግሞም ያን 1,400 የሚያወጣ ጠመንጃ ሞላውን ለመወጠር እስከ 50 ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል። 30 ጊዜ ወጥራችሁ 31ኛውን ስታነጣጥሩ ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል፤ የልባችሁን ምት በመነጽሩ መስቀል ላይ ታዩታላችሁ። ለልምምድ ለስለስ ያለው ይሻላል። የጀርመኑ ዋይራውህ ኤችደብሊው 30 ከ600 ጫማ ብዙም አያልፍም፤ ልጅ ሊወጥረው ይችላል፤ በ10 ሜትር ላይ ግን 10 ተኩስ ከዳይም በምታንስ ስፋት ይከምራል። ወፈር ያለ ለሚፈልግ ኤችደብሊው 50 ወይም ዲያና 34 አለ።

እነዚህ ሁሉ አፈሙዛቸው ወደ ታች ተሰብሮ የሚወጠሩ፣ ባለ ሞላ ናቸው። ከሞላ ፋንታ የታመቀ ጋዝ ያለባቸውም አሉ፤ እነርሱ ተወጥረው ቢቆዩ ሞላ እንደሚደክመው አይደክሙም፤ ቃታቸው ግን ብዙ ጊዜ ሻካራ ነው። በእጅ ደጋግሞ የሚነፋው ዓይነት፣ ለምሳሌ ዴይዚ 880፣ ርካሽና ታማኝ ነው፤ ለአንድ ተኩስ ከ5 እስከ 8 ጊዜ መንፋት ግን ልምምዱን ያንዛዛል። ሲቀመጥ አንድ ንፋት ውስጡ ይተውለት፤ ጎሚኒው፣ ማለትም አየር እንዳያመልጥ የሚደፍነው ጎማ፣ ተጭኖ ስለሚቆይ አቧራ አያስገባም። ባለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽጉጦች ካዝና መቀየርንና ከአፎት መምዘዝን ለመለማመድ ደህና ናቸው። ባለ 12 ግራሟ የጋዝ ቀፎ ከ40 እስከ 60 ተኩስ ትሰጣለች። ሲበርድ ትደክማለች፤ በፍጥነት ስትተኩሱ ራሷ ትቀዘቅዛለች። በበጋ መኪና ውስጥ አትተዋት።

አየሩ ቀድሞ ጋን ውስጥ የሚሞላለት ባለ ከፍተኛ ግፊቱ ሌላ ዓለም ነው። ጋኑ 200 ባር ማለትም ወደ 3,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይሞላል፤ የመኪናችሁ ጎማ 35 ነው። አይረግጥም፣ እጅ ላይ አይንገራገጭም፣ ጀማሪም ይመታበታል። ነገር ግን የእጅ ፓምፕ፣ ቦምቦላ ወይም ኮምፕረሰር ይፈልጋል። በእጅ ፓምፕ የሚሞላ ሰው በየ5 ደቂቃው ቆም ብሎ ያብርድ፤ ፓምፑ ሲግል ጎሚኒው ይበላል፤ የአየሩ እርጥበትም ጋኑ ውስጥ ገብቶ ያዝገዋል። ቦምቦላውን በየ5 ዓመቱ ማስፈተሽ ግዴታ ነው። የነዳጅ ዘርያ ያለው ዘይት ወይም ግራሶ በመሙያው በኩል ፈጽሞ አይቀባ፤ በዚያ ግፊት ዘይት እንደ ናፍጣ ሞተር ይቀጣጠላል። የብየዳ ወይም የሐኪም ቤት ኦክስጅን ሊሞላበት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ቦምብ እየሠራ ነው። የሚገባው የሚተነፈስ ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ለጀማሪ ከባለ ሞላው ይነሳ የምንለው በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ባለ ሞላው የሚያስተምረውን ባለ ግፊቱ አያስተምርም።

ብዙ ሰው ባለ ሞላ ገዝቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ «አይረባም» ብሎ ጥግ ያስቀምጠዋል። የሚያስቀምጠው ጠመንጃው ስለማይረባ ሳይሆን እንደ ባሩድ ጠመንጃ ጨምቆ ስለሚይዘው ነው። ቃታው ሲለቀቅ ከባዱ ፒስተን ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ከታመቀው አየር ጋር ሲላተም ጠመንጃው መልሶ ወደ ፊት ይፈናጠራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፔሌቷ ገና አፈሙዙ ውስጥ ናት። ጠመንጃውን አጥብቃችሁ ከያዛችሁ፣ ወይም አሸዋ ከረጢት ላይ ካስደገፋችሁት፣ በእያንዳንዱ ተኩስ የሚነጥርበት አቅጣጫ ይለያያል። ስለዚህ ነፃ ልቀቁት።

አያያዙ እንዲህ ነው። ግራ እጅ እንደ ትሪ ተዘርግቶ ከቃታ መከላከያው ፊት ለፊት፣ ጠመንጃው ሚዛን ከሚጠብቅበት ቦታ በታች ይሁን፤ ጣቶች አይጠቅለሉበት። ቦታውን አንዴ ካገኛችሁት በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ ሁልጊዜ እዚያው ይረፍ፤ ግማሽ ኢንች ብትሸሹ ምቱ ቦታ ይቀይራል። ሰደፉ ትከሻን ይንካ እንጂ አይጫን። የቀኝ አውራ ጣት አንገቱን ከማቀፍ ይልቅ በጎን ይቀመጥ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ትከሻችሁን ልቀቁ፤ ግለጡ። መስቀሉ ከኢላማው ከሸሸ በክንዳችሁ አትመልሱት፤ እግራችሁን ወይም ወገባችሁን አዙሩ። ተዝናንታችሁ እያለ መስቀሉ ኢላማው ላይ ሲገኝ ብቻ ቃታውን ሳቡ። ከሳባችሁ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል በመነጽሩ ማየታችሁን አታቋርጡ፤ መቷል አልመታም ብሎ ቶሎ ጭንቅላት ማንሳት ፔሌቷን ይዞ ይሄዳል። ከረጢት ላይ ካሳረፋችሁም እጃችሁ ከረጢቱ ላይ፣ ጠመንጃው እጃችሁ ላይ።

ከገንዘቡ በላይ ያልነው ምክንያት ይህ ነው። ይህን መሣሪያ በትዕግሥት የለመደ እጅ ወደ ባሩዱ ሲመለስ ጥይቱ ወዴት እንደሄደ ወረቀቱን ሳያይ ይናገራል።

ሲጎርስ ጥንቃቄ አለው። አፈሙዙ ተሰብሮ ባለበት ሰዓት በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙት። መያዣው ቢከዳ አፈሙዙ እንደ ወጥመድ ተመልሶ ይዘጋል፤ ጣት ይቆርጣል። ፔሌቷን ከቆርቆሮው ስታወጡ ቀሚሷን ተመልከቱ። ቆርቆሮው ወድቆ ከነበረ የአንዳንዶቹ ጅራት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ እነዚያን ለዩአቸው፤ አየር በጎናቸው ስለሚያመልጥ ዝቅ ብለው ይመታሉ። ጭንቅላቷ ወደ ፊት፣ በአውራ ጣት ገፋ አድርጋችሁ ከመጉረሻው ጠርዝ ጋር እኩል አግቧት። ሳያጎርሱ መተኮስ ክልክል ነው፤ ፒስተኑን የሚያለዝብለት የታመቀ አየር ስለማይኖር ከብረት ጋር ተላትሞ ሞላውንም ጎሚኒውንም ይሰብራል። የባሩድ ጠመንጃን ባዶ ቃታ እየሳቡ መለማመድ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ነው ዕቃውን የሚያበላሸው።

አንዱ ጠመንጃ የሚወዳትን ፔሌት ሌላው ይጠላታል። አራት ዓይነት ግዙ፤ የቼክ ሥራ የሆነችውን የጄኤስቢን 8.44 ግሬይን፣ የክሮስማን ፕሪሚየርን 7.9 ግሬይን ጨምሩበት። ዓይነት በቀየራችሁ ቁጥር 10 ያህል ተኩሱና አፈሙዙን አስለምዱት፤ ከዚያ 10 ተኩሳችሁ አወዳድሩ። አሸናፊዋን ካገኛችሁ ከአንድ ምርት ብዙ ቆርቆሮ ያዙ። አዲስ ጠመንጃ ለመጀመሪያዎቹ 300 ወይም 500 ተኩስ ስለሚዋዥቅ በመጀመሪያው ቀን አትፍረዱበት። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደርዘን ተኩሶች የተቃጠለ ዘይት ሊሸት፣ ትንሽ ሊያጨስ ይችላል፤ የፋብሪካ ግራሶ ነው። ከዚያ በኋላም እየጮኸና እያጨሰ ከቀጠለ ሰው ዘይት አፍስሶበታል ማለት ነው። የሞተር ዘይት፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ በአየር መተላለፊያው በኩል አይግባ።

በሁለተኛው ወር ላይ «ድሮ ይመታ ነበር፤ አሁን ተበላሸ» የሚል ቅሬታ ይመጣል። ካቻቢቴ አንሱ። የሰደፉ ብሎኖች፣ ሁለቱ ከፊት በጎን ያሉትና በቃታ መከላከያው ያለው፣ ንዝረቱ ያላላቸዋል፤ በየ200 ተኩሱ አጥብቁ። ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ብታደርጉባቸው ይቆያሉ። ብሎኑ ደህና ከሆነ የመነጽሩን ማሰሪያ እዩ። ባለ ሞላ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚፈናጠር ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ ውድ መነጽር እንኳ ውስጡ ይሰባበራል፤ ለአየር ጠመንጃ የተሠራ፣ እስከ 10 ያርድ ቀርቦ የሚያጠራ ይሁን። ማሰሪያው አንድ ወጥ ሆኖ፣ መቆለፊያ ፒኑ ጠመንጃው ላይ ካለው ቀዳዳ ይግባ፤ አለዚያ በየተኩሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ብዙዎቹ የሚሰበሩ አፈሙዞች ወደ ታች ትንሽ ያዘነብላሉ። ዝቅ ብሎ መታ ብላችሁ የመነጽሩን ማስተካከያ እስከ ጣሪያው ካዞራችሁት የውስጡ ሞላ ይላላና ምቱ ይቅበዘበዛል። መፍትሔው ከኋላ ከፍ ያለ ማሰሪያ ነው። 

ይህም ካልሆነ የመጉረሻውን ጎሚኒ ፈትሹ። ከሶፍት ወረቀት ጣት የምታክል ቁራጭ ቀድዳችሁ አፈሙዙና ጋኑ በሚገጥሙበት ስፌት ላይ ጣል አድርጉ፤ ፔሌት አጉርሳችሁ ተኩሱ። ወረቀቷ ባለችበት ከቀረች ጎሚኒው ደህና ነው። ብድግ ካለች አየር እያመለጠ ነው፤ ጥቂት ዶላር የማትሞላ ጎሚኒ መቀየር ነው። ከቤት ውጭ ከሆናችሁ ደግሞ ሁሉንም ከመውቀሳችሁ በፊት ዛፉን እዩ። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ንፋስ ይህችን ፔሌት በ30 ያርድ ላይ 1 ኢንች ተኩል ያህል ይወስዳታል።

ኢላማ ሳጥኑ ላይ አትሰስቱ። 12 በ12 ኢንች የሆነ የእንጨት ሳጥን ሥሩ፤ ጀርባው ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ፕላይውድ ይሁን፤ ከበስተኋላው ብረት ወይም ኮንክሪት ግድግዳ ይኑር። ውስጡን የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሽቦ ቧንቧ አፍ በሚደፍኑበት፣ ዳክት ሲል በሚባለው ግራጫ ጭቃ 1 ኢንች ተኩል ውፍረት ለስኑት፤ ወደ 12 ፓውንድ ይፈጃል። ፔሌቷ ጥፍጥፍ ሳትል ትቀበርበታለች፤ ድምፅም የለውም። አንድ ቦታ ደጋግማችሁ ከመታችሁ ግን እርሳስ በእርሳስ ላይ አርፎ ይፈነጠራል፤ ወረቀቱን አዘዋውሩ፤ በየጊዜውም ጭቃውን አሽታችሁ እርሳሱን ልቀሙ። የዓይን መከላከያ መነጽር ሁሉም ሰው ያድርግ፣ ተመልካቹም ጭምር። ቢቢ የምትባለውን ክብ የብረት ፍሬ ጋራዥ ውስጥ አትተኩሱ፤ ብረት ሲነጥር በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በተኳሹና በኢላማው መካከል የሚከፈት በር ካለ ከውስጥ ይቆለፍ።

እርሳስ መርዝ ነው። በእጃችን ለምንበላ ሰዎች ነገሩ ይብሳል፤ ከጋራዥ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ማዕድ የሚቀርብ እጅ እንጀራውን በእርሳስ ያጠቅሳል። በሳሙና ታጠቡ። ጋራዡን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ አቧራው ይነሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ውልወል አድርጉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ ለሕፃናት ያስቀመጠው የማንቂያ ልክ በዴሲ ሊትር ደም 3.5 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። እርጉዝና ሕፃን ከዚያ ክፍል ይራቁ።

ስለ ልጆቻችን አንድ ከባድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በኦገስት 2014 ጆን ክሮፎርድ በኦሃዮ አንድ መደብር ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ የአየር ጠመንጃ አንስቶ ሲዘዋወር በፖሊስ ተገደለ። በኖቬምበር ያው ዓመት የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በክሊቭላንድ በመጫወቻ ሽጉጥ ምክንያት ተገደለ። ሁለቱም ጥቁሮች ነበሩ። ከሩቅ የሚያይ ፖሊስ አየር ይሁን ባሩድ አይለይም። ስለዚህ ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሜዳ ሲወሰድ ሁልጊዜ በተዘጋ ሻንጣ ይሁን። ልጅ ብቻውን ወደ ግቢ ይዞት አይውጣ። የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽንም ከ350 ጫማ በላይ የሚያወጡትን ከ16 ዓመት በታች ላሉ አይመክርም፤ ቢቢ ሰው ይገድላል ብሎም አስጠንቅቋል።

አሁን ወደ እርማቱ። በፌዴራል ሕግ «የጦር መሣሪያ» ማለት በፈንጂ ኃይል የሚተኩስ ስለሆነ የአየር ጠመንጃ ከዚያ ውጭ ነው፤ ጸሐፊያችሁ እዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ግዛቶቹ ግን እንዲያ አይሉም። በኒው ጀርሲ የአየር ጠመንጃ እንደማንኛውም የጦር መሣሪያ ነው፤ ለጠመንጃው የገዢ መታወቂያ ካርድ፣ ለሽጉጡ የግዢ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከፔንሲልቬንያ ገዝቶ በድልድዩ የሚሻገር ሰው ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዞ እንደተገኘ ይቆጠራል። በኢሊኖይ 700 ጫማና ከዚያ በላይ የሚያወጡ አንዳንድ የአየር ጠመንጃዎች የመሣሪያ ባለቤት መታወቂያ ይጠይቃሉ። በኒው ዮርክ ከተማ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። እዚህ ቨርጂኒያ መያዙ ነፃ ቢሆንም ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ መተኮስን የአካባቢ መስተዳድሮች ሊከለክሉ ይችላሉ፤ በራስ ግቢ፣ ፔሌቷ ከወሰን እንዳታልፍ ተጠንቅቆ መተኮስን ግን ሕጉ ይጠብቃል፤ ከ16 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር አዋቂ እንዲኖርም መስተዳድሮቹ ሊያዝዙ ይችላሉ። አፓርትማ የሚኖር ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት የኪራይ ውሉን ያንብብ። ወደ ኢትዮጵያ ለዘመድ ስጦታ ብሎ በሻንጣ ሊከት የሚያስብም ካለ፣ አገር ቤት የመሣሪያ ቁጥጥሩ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ጠብቋልና አስቀድሞ ሳይጠይቅ አይሞክረው።

በሚቀጥለው እትም የኒው ጀርሲዋን ነገር ቢያንስ በአንዲት አጭር እርማት ብታወጡልን። ከኒውዋርክና ከጀርሲ ሲቲ የሚያነቧችሁ አሉ፤ የገና ቅናሽም ተቃርቧል።

ከሰላምታ ጋር
ኢላማ ተኳሽ አንባቢዎቻችሁ
ከሰሜን ቨርጂኒያ